ሦስተኛዋ ድምፅ

ሁለት ፖሊሶች ከሠርጉ ዳስ አውጥተው ሲወስዱኝ ከበሮው ወዲያው አልቆመም፤ ብዙ ሰው አላየኝም። ከዘመሮ እስከ መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ በእግር ሄድን። የዘጉብኝ ክፍል ቀድሞ እህል ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ የጭቃ ቤት ነው። የገብስ ገለባና የአይጥ ሽታ አልለቀቀውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ብቻ ነበር።

ጥፋቴ መዝፈኔ ነው። በመሬት ግብር የተነሳ የወረዳውን ገዢ የሚነካ ግጥም በሠርጉ ላይ ዘፈንኩ። ግጥሙን የገጠመው ታላቅ ወንድሜ ነው። ደብረ ብርሃን ይማራል፤ ክራር ይጫወታል። ዘፈን የለመድኩትም እሱ ሲጫወት አጠገቡ እየተቀመጥኩ ነው። የፖሊሶቹ አለቃ፣ መቶ አለቃው፣ ጠርጥሮታል፤ ማስረጃ ግን አላገኘም።

"ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን አንድ አዝማሪ ይመጣል" አለኝ። "ወንድምሽ ሲጫወት ብዙ ጊዜ ሰምቶታል። ትዘፍኝለታለሽ። ዜማው ከእሱ የተቀዳ ከሆነ ግጥሙም የእሱ ነው።"

ክፍሉ ውስጥ አንዲት የመርሐቤቴ አዝማሪ ነበሩ። ጠጅ ቤት የነካካቸውን ሰካራም በብርሌ ፈንክተው ነው የታሰሩት።

"እስቲ እንደ ሠርጉ አድርገሽ ዝፈኚልኝ" አሉኝ።

ለፖሊስ የሚያወሩ መሰለኝ። ግን እምቢ ማለት አልችልበትም። ቀስ ብዬ አንጎራጎርኩ። መሃል ላይ አቋረጡኝ።

"ማነው ያስተማረሽ?"

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

"ተይው፣ አትንገሪኝ። ሰውየው ግን ክራሩን ሲቃኝ ሦስተኛዋን ክር ያላላታል። አንቺም እዚያ ስትደርሺ ድምፅሽን ታወርጃለሽ። የትዝታ ቅኝትም አይደለም፣ ሌላ ቅኝትም አይደለም፤ የእሱ ስህተት ነው። ጆሮ ያለው አዝማሪ ወዲያው ያውቀዋል።"

"እትዬ፣ ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"መማር ነዋ! አምጪ እጅሽን።"

ቅኝት የተማርኩት በጣቴ ነው። አምስት ጣት፣ አምስት ድምፅ። የጣቴን ጫፍ ሲነኩ የዚያን ጣት ድምፅ አወጣለሁ፤ ሲያዘልሉኝ እዘላለሁ። መሃል ጣቴ ላይ ስደርስ ድምፄ ይወርዳል፤ ያኔ በጥፍራቸው ቆንጠጥ ያደርጉኛል።

"ከፍ አድርጊያት እንጂ! ጣራ ላይ ውጪ አላልኩሽም፣ ትንሽ ነው!"

ሐሙስ ሦስተኛዋን ድምፅ ሁለት ጊዜ አገኘኋት። ዓርብ ጠዋት ጠፋችብኝ። የባሰው ደግሞ፣ ትክክለኛዋ ድምፅ ለጆሮዬ እንግዳ ነበረች። ባወጣኋት ቁጥር ወንድሜን የከዳሁት ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ መቶ አለቃው ቢሮ አስገቡኝ። አዝማሪው ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ዓይኑን ጨፈነ። ጀመርኩ። ወደ ሦስተኛዋ ስቃረብ በነጠላዬ ስር መሃል ጣቴን ራሴ ቆነጠጥኩት። ወጣች።

አዝማሪው ዓይኑን ገለጠ። "ጌታዬ፣ ይሄ የልጁ ዜማ አይደለም። የእሱ ሦስተኛ ድምፅ ሁልጊዜ ዝቅ ትላለች። የዚችኛዋ ልክ ናት።"

መቶ አለቃው ወደ እኔ ዞረ። "ታዲያ ግጥሙን ማን ሰጠሽ?"

ለዚህ ጥያቄ ከእትዬ ጋር አልተዘጋጀንም።

"የእኔ ነው" አልኩ።

"አልሰማሁም!"

በባዕድ ሰው ፊት ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ቀና አልኩ። "የእኔ ነው። እኔ ነኝ የገጠምኩት።"

ሰኞ ዳኛ ፊት አቀረቡኝና ሁለት ወር ተፈረደብኝ።

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ለእትዬ ነገርኳቸው። ከዚያ በበሩ በኩል ያለውን ቦታቸውን ለቀቁልኝ።

"ሁለት ወር?" አሉ። "እንግዲያ የባቲና የአምባሰል ቅኝቶችም ይደርሱልናል።"

ወንድሜ ትምህርቱን ጨርሷል። እኔ በየሠርጉ እየተጠራሁ እዘፍናለሁ፤ ከመጀመሬ በፊት ዛሬም መሃል ጣቴን ቆንጠጥ አደርጋለሁ። ሰዎች ቅኝት የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ "መሐል ሜዳ" እላቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ይመስላቸዋል። እኔም አላርማቸውም።