ዝንጀሮና የሐሙስ ጸሎት

ከዚህ በታች የማወሳውን ሁሉ ልክ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ ብዬ አልምልም። በቀበሌው አዳራሽ ጣሪያ ላይ አንድ አምፖል ይርገበገብ እንደ ነበር ይታየኛል፤ ስብሰባው ግን የእሑድ ጠዋት ስብሰባ ስለ ነበር አምፖል የሚበራበት ምክንያት አልነበረም። ምናልባት የሚርገበገበው ሌላ ነገር ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ ማስተማር በጀመርሁ ሰሞን ቀበና ወንዝ አጠገብ አንዲት የቀበሌ ክፍል ተሰጥታኝ ነበር። ከጭቃ ግድግዳው ማዶ በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት የሚተዳደሩ ሴት ይኖራሉ፤ እትዬ እላቸው ነበር። ጴንጤ ናቸው። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሲመሻሽ እንግዶች አንድ በአንድ ይመጡላቸዋል። ጫማ ከደጅ አይቀርም። ጠረጴዛ ላይ ድፎ ዳቦና ሻማ ይቀመጣል፤ በር ቢንኳኳ የልደት በዓል ነው ለማለት። ከዚያ ሬዲዮው ከፍ ይላል፤ ከዜናው ሥር መዝሙር ይሰማኛል። እኔ መስማቴን እሳቸው ያውቃሉ፤ አንድ ቀን ግን ተነጋግረንበት አናውቅም።

በዚያ እሑድ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ እንዳስረዳ የቀበሌው ካድሬ አዘዘኝ። ስለ አጥንቶች፣ ስለ ረጅም ዘመን፣ ከአንድ ግንድ ስለ ወጡ ቅርንጫፎች ተናገርሁ። ካድሬው ጥፍሩን ይመለከት ነበር። ስጨርስ ተነሣና ሁሉም በየተራ እየቆመ «ከዝንጀሮ መጣሁ» እንዲል አዘዘ። የተፈለገው ትምህርት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቃሉ የማን ጉሮሮ ላይ እንደሚቀር ሊያይ ነው።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ቀድመው ተነሡ። «እኔስ ከሱሉልታ ነው የመጣሁት፣ ጓድ። ከዚያ በፊት ያለውን እናንተ ታውቃላችሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። «ይበሉት፣ አባባ» አለ፤ አሉት። ሌላውም ክትባት እንደሚወጋ ሰው ፊቱን አዙሮ እያለ ተቀመጠ።

እትዬ ተራቸው ሲደርስ ቆሙና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እርስዎስ፣ እናቴ?» አለ ካድሬው፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«ያልሆንሁትን ሆንሁ አልልም።»

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ መምህር፣ ሴትዮዋ ሳይንሱን ክደዋል ወይስ አልካዱም?»

የመለስሁትን አስታውሳለሁ፤ ድምፄን ግን አላስታውሰውም። «አልካዱም» አልሁ። «ሳይንሱም ከዛሬው ዝንጀሮ መጣን አይልም። እኛም እሱም ከአንድ የጥንት ዘር የተለያየን ነን። ዝንጀሮ አያታችን አይደለም፤ ቢበዛ የሩቅ የአጎት ልጅ ነው።»

«እንግዲያ ለሠርግ ይጠራላ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ካድሬው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። «መጽሐፉ እንደዚያ ይላል?»

«ይላል። በሥዕል።»

«ሐሙስ ሲመሻሽ ቢሮዬ ይዘህልኝ ና።»

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ድልድዩ ላይ ቆም አሉ። «ሐሙስ ነው ያለው?»

«ሐሙስ ነው።»

«ስንት ቀን እያለ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ሁልጊዜ ማገዶ ገዝተው የሚያነዱት እትዬ፣ ገመድ ትከሻቸው ላይ ጥለው ከሌሎች ሴቶች ጋር ወደ እንጦጦ ሲወጡ አየሁ። ከመካከላቸው ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡትን ለየሁ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሲመሻሽ ካድሬው ዘንድ ሄድሁ። መጽሐፉን ተቀበለኝና ሳይገልጠው መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

«ከሴትዮዋ ጋር ግድግዳ ትጋራለህ። ምን ትሰማለህ?»

«ሬዲዮ።»

«ሌላስ?»

«ዜና ነው፣ ጓድ።»

ጥያቄውን እየደጋገመ ጨለማ እስኪሆን አቆየኝ። ስመለስ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሣሪያ አንግተው ባዶ እጃቸውን ከግቢያችን ሲወጡ ተላለፍን። የእትዬ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሬዲዮው ዝም ብሏል፤ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ የለም። ብቻቸውን ተቀምጠው የባሕር ዛፍ ጭራሮ እስር ይፈታሉ።

«የማን ልደት ነው ብለው ጠየቁኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ማንም አልተወለደም አልኋቸው።»

ስለ ልደቱ ማን እንደ ነገራቸው አልታወቀም። ካድሬው ሐሙስን በሰው ሁሉ ፊት የጠራው አምልጦት ይሁን ሆን ብሎ፣ ያንንም አላውቅም። ከዚያ ወዲያ በግድግዳው በኩል መዝሙር አልሰማሁም፤ እትዬም ማገዶ መግዛት ትተው ሐሙስ ሐሙስ ገመዳቸውን ይዘው ወደ እንጦጦ ይወጡ ጀመር።

መጽሐፌ አልተመለሰልኝም። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት አንድ ጥርጣሬ አብሮኝ ኖረ፤ ያን ሥዕል በእርግጥ አይቼው ነበር ወይስ እትዬን ለማዳን በዚያች ቅጽበት ፈጠርሁት? መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ያንኑ የመማሪያ መጽሐፍ ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ዘንድ አገኘሁትና እዚያው ቆሜ ገለጥሁት። ሥዕሉ አለ። ከአንድ ግንድ ሁለት ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ በአንዱ ጫፍ ዝንጀሮ፣ በሌላው ጫፍ ሰው ተሥሏል። ከዝንጀሮው ወደ ሰው የሚሄድ መስመር የለም።