ከጉድጓዱ አፍ የቀረ በረባሶ

ብርነሽ ከጋሼ ከተማ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ኖራለች፤ መውደድ ግን አልወደደችውም። እንዴት ብላ ትውደደው? ባሏን ምንያህልን «ወርቃችንን ይዞ ጠፋ» ብሎ ስሙን ያጎደፈው እሱ ነው። በደርግ ጊዜ ሁለቱ ከአዶላ በላይ ካለው ተራራ ተደብቀው ወርቅ ይቆፍሩ ነበር። አንድ ክረምት ከተማ ብቻውን ተመለሰ። ወሬው ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ድረስ ተከተላት። እዚያው ዋይትሆል ሰፈር ተቀጥራ ሽማግሌና አሮጊት እያጠበች ያሳደገቻት ልጃቸው ሔርሞን እንኳ የሌባ ልጅ ተብላለች። ለሸሸ ሰው ለቅሶ አይቀመጡምና ብርነሽም አልተቀመጠች።

በ1997 ከተማ አገር ቤት ደርሶ መጣ። አርፎ አይቀመጥ ነገር፣ ያንን ተራራ በቪዲዮ ቀርጾ ኮሎምበስ አጠገብ ሬይኖልድስበርግ ካለው ቤቱ ሳሎን ሰው ሰብስቦ አሳየ። ሪሞቱን የያዘችው ሔርሞን ናት። ዛፍ የበቀለበት ጉድጓድ፣ የዛገ የውሃ ፓምፕ፣ የበሰበሰ የድጋፍ እንጨት ታየ። «ሰው የማይደርስበት ጫካ ነበር፤ እኛ ነን ያቀናነው» እያለ ደረቱን ነፋ።

«ሔርሞን፣ ስቶፕ አድርጊው» አለች ብርነሽ።

በተደረመሰ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ ጭቃ ግማሹን የዋጠው ጥንድ በረባሶ ይታያል። ቆፋሪ የጎማ ጫማውን ጉድጓዱ አፍ ላይ አውልቆ በባዶ እግሩ ይወርዳል፤ ሲወጣ ያጠልቃል። ሳይወጣ የቀረን ሰው ጫማ ደግሞ ማንም አይነካም። ይህን የነገራት ራሱ ምንያህል ነው። የግራው ማሰሪያ ቢጫ ነበር።

«ይሄን ከዘይት ጀሪካን ቆርጬ የሰፋሁለት እኔ ነኝ።»

ከተማ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «በረባሶ እኮ ሁሉም አንድ ነው፣ ብርነሽ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ተራራ በባዶ እግሩ ነው የሸሸው?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ የከተማም አለቀበት። ሪሞቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ሔርሞን «ኖ» አለችው።

«አፈሩ ሲናድ ብቻዬን ምን ላድርግ?» አለ በመጨረሻ።

ብርነሽን ከሁሉ ያቃጠላት እሷም ስንት ጊዜ «ጥሎኝ ሄደ» ብላ ባሏን መርገሟ ነው። ጋሼ የሚለው ቃል ከዚያ ወዲያ ከአፏ አልወጣም።

«ወርቁን ይዘህ መሮጥ ግን አላቃተህም» አለችው። ወደ ሰዉ ዞረች። «ነገ ለቅሶ እቀመጣለሁ፤ ሁላችሁም ኑ። አንተ ግን ደጄን እንዳትረግጥ።»