ከሳጥኑ የተወሰደው ስሜ

እኔ ነፋስ በር ሲገፋ እንኳ የምደነግጥ ሴት ነኝ። ጣና ዳር እየኖርሁ ጀልባ ተሳፍሬ አላውቅም። ስለዚህ አንድ እሑድ ልጄ ከዩኒቨርሲቲዋ፣ ከፔዳ ግቢ፣ ኮምፒዩተሯን አቅፋ መጥታ «እማዬ፣ ነይ ስምሽን ጻፊልኝ» ስትለኝ እጄን በቀሚሴ ደጋግሜ ጠረግሁ።

የመመረቂያ ሥራዋ ነው፤ የጀልባ ተሳፋሪ መመዝገቢያ ፕሮግራም። በማግስቱ ለመምህራኗ ልታሳየው ነበር። የኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ስም የሚጻፍበት ባዶ ሳጥን አለ። የምነካውን ቁልፍ እየጠቆመችኝ፣ ባንድ ጣት ስሜን ለቅሜ ጻፍሁ። «አስገባ» የሚለውን ስነካው መስኮቱ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ወይኔ ልጄን! ሰበርሁብሽ!»

«አንቺ አይደለሽም። ትናንትም እንዲሁ ሲያደርገኝ ነበር» አለች። ፊቷ ግን አመድ መሰለ። ነገም እንዲህ ቢጠፋስ?

እንዳታለቅስብኝ ብዬ «እስኪ ምን አድርገሽው ነው?» አልኋት።

«ከሳጥኑ ስምሽን ወሰድኩ፣ መዝገቡ ላይ ገለበጥኩ፣ ከዚያ የወሰድኩትን ከሜሞሪው አጠፋሁ። የጨረስሽውን አጽጂ ተብለናላ!»

«ሳጥኑ ስሜን ሰጥቶሽ ነው ወይስ እንዲያው አሳይቶሽ?»

«እ?»

ልጅ ሆኜ፣ ጢስ ዓባይ፣ እናቴ እሳት ጭሪ ብላ ጎረቤት ትልከኝ ነበር። በገል ይዤው የመጣሁት ፍም የእኛ ነው፤ ስንጨርስ የምናጠፋውም እኛው። ምድጃው ግን የባለቤቲቱ ነው። ይህንኑ ነገርኋትና «የሰው ምድጃ ላይ ውኃ ደፍተሽ እንዳይሆን» አልኋት፣ ለማሳቅ ያህል።

አልሳቀችም። የፕሮግራሙን መመሪያ ከፍታ ማንበብ ያዘች። ቆይታ ግንባሯን መታች። «ይሄ ትዕዛዝ ቅጂ አይሰጥም! የሳጥኑን የራሱን ነው የሚያሳየኝ። እኔ አጠፋሁበት፣ እሱ ሲፈልገው አጣው። ሌላ ቦታ የተጠቀምኩበት ትዕዛዝ ደግሞ ቅጂ ይሰጠኛል፣ ቅጂውን ሳላጠፋ እየተውኩት ነው።»

«እንግዲያ ያመጣሽው ፍም ሳይጠፋ ቤቱ እየነደደ ነዋ!»

አሁን ሳቀች። «አይነድም እማዬ። ቀስ በቀስ ሜሞሪው ይሞላል እንጂ።»

አስተካክላ ስትጨርስ እንደገና አስነካችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ነካሁ።

«አለሁ?»

«አለሽ። ግለጪ እንጂ!»

ስሜ ሳጥኑም ውስጥ፣ ከታች ተሳፋሪዎቹም መካከል ተቀምጧል።

በማግስቱ ስልክ እስክትደውል ቤት ውስጥ ስዞር ዋልሁ።

«አልጠፋም እማዬ! ደጋግመው ነኩት፣ አልጠፋም!»

«ተመስገን! የማንን ስም ጻፍሽላቸው?»

«ያንቺን ነዋ! የማንን ልጽፍ ኖሯል?»

ፈሪ መሆኔን እያወቀች፣ በመምህራኗ ፊት ጀልባ አሳፈረችኝ።