ሠርፀና የብራናው ቀዳዳ

ማናህሎሽ መጀመሪያ ያስተዋለችው ስቲኪኒውን ነው። ታላቅ ወንድሟ ሠርፀ ጁባ፣ አማራት ሰፈር ባለው ምግብ ቤቷ ጥግ፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ተቀምጦ፣ ከደንበኞች ጠረጴዛ ያነሳውን ስቲኪኒ የላፕቶፑ መስታወት ላይ አጋድሞ ይለካል። ጫፉን በጥፍሩ ይቆርጥና እንደገና ያጋድማል። ምሳ አልፏል፣ ጄኔሬተሩ ጠፍቷል፣ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ላይ ወርዶ ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጧል። አስተናጋጆቹ ክንዳቸውን ተንተርሰው አሸልበዋል። እሱ ግን ይለካል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የምትለካው?» አለችው በመጨረሻ።

«ቀዳዳ።»

እውነትም ቀዳዳ ነበር። ፎቶው ላይ ያለው መዳፍ የማያህል የብራና ቁራጭ ነው፤ በሙት ባሕር አጠገብ ከአንድ ዋሻ የወጣ። በላዩ ያለው ጽሑፍ ዕብራይስጥ ሲሆን መሃሉን ምስጥ በልቶታል። ቁራጩ የወጣበት መጽሐፍ በዕብራይስጥ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ያቆየው ግዕዙ ብቻ ነው። ሠርፀ ግዕዙን ወደ ዕብራይስጥ እየመለሰ፣ የጎደለው ቃል በቀዳዳው ስፋት ልክ ይገባ እንደሆነ ያያል። ማናህሎሽ ይህን ስትሰማ ምድጃ ላይ የጣደችውን ሽሮ ረሳችው። ያን ያህል ዘመን የተቦደሰ ቆዳ፣ አንድ የጎጃም የቆሎ ተማሪ በቃሉ በያዘው ንባብ ይጠገናል!

የቆሎ ተማሪው ራሱ ሠርፀ ነበር። ከየኔታ እግር ሥር ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ውጭ አገር ሄዶ ዕብራይስጥና አራማይክ ተማረ፣ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። ሲመለስ የሚያስተምርበት የትምህርት ክፍል ተዘግቶ ጠበቀው። እህቱ «ጁባ ና፣ ሥራውን አግዘኝ» አለችው። ለጥቂት ወር ብሎ መጣ፤ ጸጉሩ እዚሁ ሸበተ። ቀን ሽንኩርት ይገዛል፣ ናፍጣ ያስሞላል፣ ከገበያተኛ ጋር በጁባ አረብኛ ይከራከራል። ከሰዓት ደግሞ ቀዳዳው ላይ ይጎነበሳል።

ጀበል ገበያ መለዋወጫ የሚሸጠው ረፊቅ ሻይ ሊጠጣ በመጣ ቁጥር አይለቀውም።

«ፕሮፌሰር፣ ያ ቀዳዳ ዛሬም አልተደፈነም? ከጀበል መንገድ ጉድጓዶች ጋር ተወራርዳችኋል እንዴ?»

«ያንተን መንገድ ግሬደር ይደፍነዋል።»

«ጁባ ግሬደር አይተህ ታውቃለህ? ማለሽ፣ አይዞህ ወንድሜ፣ ያንተው ይቀድማል!»

የሠርፀም ቀደመ። በክረምቱ አጋማሽ ላይ ተደፈነ። ቦታው ያዕቆብ ከአባቱ ቤት ሲወጣ፣ እናቱ ርብቃ የምትሸኝበት ነው። ሠርፀ የመለሰው ዐረፍተ ነገር በቀዳዳው ውስጥ ልክ እንደ ቁልፍ ገባ። ጀርመን ያለች ፕሮፌሰር ሰምታ ተደነቀች፤ በሚቀጥለው ሳምንት በኢንተርኔት ለምሁራን ጉባኤ እንዲያቀርብ ጠራችው፤ ከዚያ በኋላ እዚያው ጀርመን የሁለት ዓመት የምርምር ቦታ እንደሚጠብቀው ነገረችው። ማናህሎሽ የዚያኑ ቀን ሻንጣ ገዛችለት። ወፍራም ሹራብ ግን ጁባን ሙሉ ዞራ አጣች።

ከጉባኤው በፊት፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የሚሠራው ናቲ ወደ ማላካል ከተማ ሊሄድ ሊሰናበታቸው መጣ። እዚያ የሚበላ የለም ብላ ማናህሎሽ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ በፌስታል ትቋጥርለት ጀመር። ሠርፀ ከጥጉ ሆኖ ፈገግ አለና በግዕዝ አንድ ቃል በዜማ አወረደ።

«ምን አልክ ጋሼ?» አለ ናቲ።

«‹እናቱም ስንቁን ቋጠረችለት።› ስለ ያዕቆብ ነው። ቀዳዳውን የደፈንኩበት።»

ይህን ሲል ጣቱን ወደ ላይ አንስቶ ነበር። ጣቱ እዚያው አየር ላይ ቀረች። ዓይኑ ጣቱ ላይ፣ ፊቱ አመድ። ናቲ ከወጣ በኋላም አልተነቃነቀም። ከዚያ ላፕቶፑን ከፈተና ያሉትን የግዕዝ ብራናዎች ፎቶ አንድ በአንድ ያገላብጥ ጀመር። የእራት ተመጋቢዎች መጥተው ሄዱ፤ ቀና አላለም።

«የለም» አላት፣ ሳህን እያነሳች ስታልፍ።

«ምኑ?»

«ስንቁ። አንዱም ብራና ላይ የለም። ማኒ፣ የኔታ ሲያስነብቡን መስመሩን በእንጨት ነበር የሚከተሉት። እዚህ ቃል ላይ ሲደርሱ እንጨቱን ያነሱታል። ቀና ይሉና እኛን እያዩ ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ አብሬ በቃሌ ያዝኩት።»

«ከራሳቸው ነዋ የጨመሩት?»

«ለእኛ ብለው። ሁላችንም የእናታችንን ስንቅ አኮፋዳ ውስጥ ይዘን የመጣን ልጆች ነበርን። ማታ ማታ የሚያለቅስም ነበር።»

ማናህሎሽ ሳህኖቹን አስቀምጣ ተቀመጠች። «እንዴት ሳታመሳክር?»

«ሌላውን ሁሉ አመሳክሬያለሁ። ይሄን ግን… አንቺ ስምሽን መታወቂያሽ ላይ እያየሽ ነው የምታረጋግጪው?»

«በቀዳዳው ልክ ገብቶ የለ?»

«‹አባቱም ጫማ ገዛለት› ብልም ይገባ ነበር። ልኩ ያው ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ዝም በላ! ማን ያውቃል? የኔታ እንደሆኑ ካረፉ ስንት ዘመናቸው።»

«ዛሬ እኔ እላለሁ፣ ነገ አንዱ ይጠቅሰኛል፣ ከነገ ወዲያ ቃሉ መጽሐፉ ውስጥ ይገባል። የኔታ ቢሰሙ በአለንጋ ነበር የሚሉኝ።»

«እኔስ? አንተን በዚህ ጥግ ማየት ደክሞኛል ጋሼ። ተማርክ፣ ተማርክ፣ ሽንኩርት ትመርጥልኛለህ። ሂድልኝ!»

«እኔም ደክሞኛል፣ ማኒ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ሰዓት ተጠይቆ የሚመልስ ይመስል ነበር።

ጠዋት ኔትወርክ የሚይዘው ደረጃው ላይ ስለሆነ እዚያ ቆሞ ለፕሮፌሰሯ ደወለ። ማናህሎሽ ከታች ሆና እንግሊዝኛውን አዳመጠች። ደጋግሞ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ሲል ሰማችው። ሲወርድ ዓይኑን አላሸሸም።

«አመሰገነችኝ። ጉባኤው ላይ አላቀርብም። ስለ ቦታው ኮሚቴው እንደገና ያያል አለች።»

«እንደገና ያያል ማለት?»

«ለሌላ ሰው ይሰጣል ማለት ነው።»

ልትቆጣው ቀና ብላ አየችው። የገረማት፣ ወንድሟ ከትናንቱ ይልቅ ቀለል ብሎ መቆሙ ነው። የተሸነፈም የረታም አይመስልም።

«የውሃ ቦቴው ዛሬም ቀረ» አለ፣ ባዶውን ሮቶ በጉልበቱ ነካ አድርጎ። «ቡሉክ ሰፈር ወርጄ ሾፌሩን ልፈልገው።»

«ቁርስ እንኳ አልበላህም።»

«ስመለስ።»

በሩ ላይ ያለው የቦዳ ሞተር ሳይክል ነጂ «ያ ኡስታዝ፣ መምህር፣ ውጣ ልውሰድህ!» ብሎ ጠራው። ሠርፀ በእጁ እምቢ አለና በእግሩ ሄደ፣ ጉድጓዶቹን እየዞረ። አንድ ትልቅ ጭነት መኪና በመሃላቸው አልፎ መንገዱን ሁሉ አቧራ አለበሰው። ማናህሎሽ እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ ጠበቀች። አቧራው ሲሳሳ ወንድሟ መንገዱ ጫፍ ያለው ሆቴል አጥር ጋ ደርሶ ነበር፤ ትከሻው ጎበጥ፣ እርምጃው ዝግ ብሎ፣ ከዚያ ታጠፈ።