ሞተር ተከፍቶ ሰላምታ

ሰላምታ አልጠላም። ሥራ የያዘ ሰው ላይ የሚዘንብ ሰላምታ ግን እጠላለሁ፤ ምክንያትም አለኝ።

በደርግ ጊዜ አምቦ ውስጥ የሰብል ተባይ ተቆጣጣሪ ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ተምች ከጉደር ወዲያ ያለውን በቆሎ ያወድመው ጀመር። ትሉ የት እንደደረሰ ከላይ ሆኖ የሚያይ ያስፈልጋል ተባለና ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ተላከችልን። ከፊት አብራሪው፣ ከኋላ ደግሞ ማሳዎቹን የሚያውቅ ሰው ይቀመጣል። ማሳዎቹን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ወሬውን በሰማሁ ማግስት ፀጉሬን ተሠራሁ። ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ለተምቹ ይሆናል።

አብራሪው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። መካኒኩ ግን የአምቦ ልጅ ነበር፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው። የአውሮፕላን መካኒክ ሆኖ የተመለሰ የአገር ልጅ ዝም ተብሎ አይታለፍም። አውሮፕላኗ የቆመችበት ሜዳ ደግሞ የገበያ መንገድ ዳር ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ባለ ቁጥር አንዱ ይመጣል።

"አካም ጅርታ? ናጋዳ? ማኒ ናጋ? ሎን ናጋ?"

የራሱ፣ የቤቱና የከብቱ ደህንነት ተጠይቆ እስኪያልቅ መፍቻው አየር ላይ ይቆያል። ከብት እንኳ የለውም፤ ግን ከብቶቹም ደህና ናቸው ብሎ ይመልሳል።

አብራሪው አንዴ መታገሥ አልቻለም። "ሰውዬ፣ የጀመርከውን ጨርስና ሰላም በል!"

"ካፒቴን፣ እርስዎ ነገ ይሄዳሉ፤ እኔ የምቀበረው እዚሁ ነው።"

"መጀመሪያ እኛን እንዳትቀብረን ብቻ" አለው አብራሪው። እኔ ሳቅሁ። "እኛ" ያለው እኔንም ጨምሮ መሆኑ አልታየኝም ነበር።

በምንበርበት ጠዋት መካኒኩ ዘይት ጨምሮ ክዳኑን ሊመልስ ሲል ያሳደጉት አክስቱ ከች አሉ። በእኛ አገር ልጅ አድጎ ደመወዝተኛ ከሆነ፣ ያሳደገችውን አክስት ሲጨብጥ መዳፏ ላይ አንድ ነገር ጣል ማድረግ ወግ ነው። እሷም የተሰጣትን አታይም፤ ማየት ስስት ነው። ሳታይ ትመርቃለች፣ ሳታይ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች።

"አዳዳ! አክስቴ!" ብሎ ሁለት እጃቸውን ያዘ።

"ኢልማ ኮ! ልጄ!" ብለው አቀፉት። ተሳሳሙ፣ የሞቱትን እያነሱ አለቀሱ፣ እንደገና ተጨባበጡ። አክስቱ ምርቃቱን አወረዱለት፤ "ከፍ በል፣ ከፍ በል፣ ከፍ በል!" የያዙትን ቋጥረው ወደ ገበያ መንገድ ጀመሩ። እኔም እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው አልኩ በልቤ። ደጉ ልጅ ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ ኮፈኑን ከደነና፣ "ዝግጁ ናት!" አለ።

ተነሣን። አንገቴን አስግጌ ቤቴን ስፈልግ የፊቱ መስታወት ጠቆረ። መቼም ሞኝነት ነው፣ ተምቹ ክንፍ ያወጣ መሰለኝ። ለካ ዘይት ነው። አብራሪው የጎኑን መስኮት ከፍቶ አንገቱን አወጣ፤ ፊቱ በዘይት ታጠበ።

"ያዢ!" ብሎ ጮኸ።

ምኑን እንደምይዝ ስላላወቅሁ ፀጉሬን ያዝኩ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። የማውቀውንም የማላውቀውንም ታቦት ጠርቼ ተሳልኩ። ሞተሩ እየተንተፋተፈ ዞረን፣ ከተነሣንበት ሜዳ ላይ እንደ ኳስ ነጥረን አረፍን።

መካኒኩ ሮጦ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተና ራሱን ያዘ። የዘይቱ ክዳን የለም። ኪሱን ፈተሸ፣ የመፍቻ ሣጥኑን ገለበጠ፣ ሣሩ ውስጥ ተንበርክኮ ዳበሰ። እሱ ገና እንደተንበረከከ አክስቱ ከገበያ ሲመለሱ ታዩ፤ አካሄዳቸው የደህና አልነበረም።

"ጠገራ ብር ነው ብዬ፣ ጨው ልገዛበት ብፈታው የገበያ መሳቂያ አደረግከኝ! አንተን ያሳደግሁት ለክዳን ነው?" ብለው እግሩ ሥር ወረወሩለት።

አብራሪው በዚያ ዘይታም ፊቱ ሳቀ። እኔም ሆዴን ይዤ መሬት ላይ እስክቀመጥ ሳቅሁ። ሳቄ ሲያልቅ ግን ንዴት መጣ።

"ተምቹ አይጠብቀንም፤ ትጠረግና ዘይት ተሞልቶላት እንነሣለን" አለ አብራሪው።

"እሱ ሳይሳፈርባት እኔ አልሳፈርም!" አልኩ መካኒኩን እያመለከትኩ።

አብራሪው ወደ መካኒኩ ዞረ። "እውነቷን ነው። መጀመሪያ እኔና አንተ አንድ ዙር እንዞራለን።"

የመካኒኩ ፊት አመድ መሰለ። ዘይቱን ሞልቶ ክዳኑን አጠበቀ፣ ኮፈኑን ዘጋ። ከፍቶ አየው፣ ዘጋ። እንደገና ከፍቶ በጣቱ ነካው። አክስቱ ቁጣቸው በርዶላቸው ሊታረቁ ቀረብ አሉና "አካም..." ብለው ሲጀምሩ፣ ራሱን እንኳ ሳያዞር "ቆይ አዳዳ፣ ሥራ ላይ ነኝ!" አላቸው።

ለካ ይቻላል። እኔ ልሳፈር ስል ያልተቻለው፣ እሱ ሊሳፈር ሲል ተቻለ። ከክዳኑ ይልቅ ያናደደኝ ይሄ ነው።

ዞረው በደህና ተመለሱ። መካኒኩ ወርዶ መሬቱን በእግሩ መታ መታ አደረገና፣ "ግቢ እንግዲህ፤ ደህና ናት" ብሎ ደግፎ ሊያስገባኝ እጁን ዘረጋልኝ።

ከመጨበጤ በፊት መዳፉን ገልብጬ አየሁት።