የግንቡ በር ስንት ነው?

የወንድሜን የጥገኝነት ጥያቄ እንግሊዞች ውድቅ ያደረጉት በአንድ ቁጥር ነው። «ሐረር ከተወለድክ የጁገል ግንብ ስንት በር አለው?» ብለው ጠየቁት። «አምስት» አለ። የእነሱ ወረቀት ስድስት ይላል። ስለዚህ የሐረር ልጅ አይደለም፣ የተናገረው ሁሉ ውሸት ነው ተባለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ስድስተኛው በር እኮ በኋላ ለመኪና ሲባል ግንቡ ተሰብሮ የተከፈተ ነው! በእኛ ቤት በር ብሎ የሚቆጥረው ሰው አልነበረም። አባታችን በዚያ በኩል ሲመጣ እንኳ «በቀዳዳው ገባሁ» ነበር የሚለው። ወንድሜ የመለሰው እንደ አገሩ ልጅ ነበር።

ይህን ግን ያኔ ለማሰብ ልብ አልነበረኝም። ይግባኙ ሊሰማ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከተሸነፈ ይመልሱታል፤ ከተመለሰ የሚጠብቀው ያው ያመለጠው እስር ቤት ነው። ብልጥ ነኝ ብዬ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ለንደን ውስጥ ፊንስበሪ ፓርክ ያለችው ክፍሉ እየሄድኩ አስጠናው ጀመር።

«ስንት ነው?»

«ስድስት።»

«እንደገና!»

«ስድስት፣ እትዬ። ግን እኛ እኮ አምስት ነው የምንለው።»

«እኛ የምንለውን ተወው! እነሱ የሚፈልጉትን በል!» ብዬ ጮኽኩበት። ጢሙ የሸበተውን ሰውዬ እንደ ቁርኣን ቤት ልጅ አስቀራሁት።

የማጸዳው ቢሮ ባርቢካን አጠገብ ነው። ምሳዬን የምበላው ከድሮው የለንደን ቅጥር ከተረፈ አንድ የመጠበቂያ ማማ ፊት ለፊት ነው። ጣሪያ የለው፣ ወለል የለው፤ ሆዱን ወደ ውጭ ነፍቶ በግማሽ ክብ ቆሟል። ለዓመታት የወፍ መጸዳጃ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ችሎቱ አራት ቀን ሲቀረው እህል አልወርድ ብሎኝ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ፣ እንግዶች የሚያስጎበኙ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ መጡ።

መሠረቱ የሮማውያን ነው አሉ፤ ማማው ግን ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ በመካከለኛው ዘመን፣ በላዩ የተጨመረ ነው። ወደ ውጭ ያበጠው ዘበኛው ግንቡን ግራና ቀኝ እንዲያይ፣ ከሥሩ ተለጥፎ የሚመጣ ጠላት እንዳይሰወርበት ነው። ከዚያ በኋላም ዘመን ያመጣውን ሁሉ ድንጋይና ጡብ ደራርበውበታል። እንግዶቹ ሲበተኑ እግሬ ራሱ ወሰደኝና ቅጥሩ ስንት በር እንደነበረው ጠየቅኳቸው።

ሳቅ አሉ። «እሱ እንኳን ያከራክራል። ስድስትም ይላሉ፣ ሰባትም ይላሉ። አንደኛው ከሌሎቹ በጣም ዘግይቶ የተከፈተ ነው፤ እሱን ከቆጠርሽ ሰባት ነው።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የወንድሜን ነገር ከሀ እስከ ፐ ዘረገፍኩላቸው። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ያሉኝን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ፈረሙልኝ። ጠበቃችን ሲያነበው ፊቱ ፈካ፤ «የገዛ ከተማቸውን በር ቆጥረው እንኳ አይስማሙም፤ አምስትን አጥብቆ ይያዝ» አለኝ።

እየሮጥኩ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። «ስድስትን እርሳው። መጀመሪያ ያልከው ነው እውነቱ» አልኩት። «እሺ» አለ። እኔም በዚያች እሺ ተደስቼ ወደ ቤቴ፣ ወደ ኪልበርን፣ አውቶቡሴን ያዝኩ።

በችሎቱ ቀን ዳኛዋ የሽማግሌውን ወረቀት ቀስ ብለው አነበቡ። በአዎንታ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ልቤ ቦታው ተመለሰ። መነጽራቸውን አወለቁና በለሰለሰ ድምፅ፣ «እርስዎ ባደጉበት ቤት ስንት በር ነው የሚባለው?» ብለው ጠየቁት። አስተርጓሚው አስተላለፈለት።

ከዚያ በላይ ምን ደግ ጥያቄ አለ? በዚያ ግንብ ሥር ተወልዶ ያደገውን ወንድሜን ላብ አጠመቀው። ከዚያ ዞሮ ከኋላ የተቀመጥኩትን እኔን ፈለገ።

«እትዬ፣ ስንት ልበል?» አለኝ።

አስተርጓሚው ሥራው ነውና ተረጎመው። ዳኛዋም ብዕራቸውን አንስተው ጻፉት።