የልጄን እንጥል ሊያስቆርጡብኝ ሲሉ

ለተማሪዎቼ ስለ ህዋስ ሳስተምር፣ ባክቴሪያ ዙሪያውን ግድግዳ እንዳለው፣ የእኛ ህዋስ ግን ስስ ሽፋን ብቻ እንዳለው እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ያን ሽፋን ይበሳዋል፤ በቀዳዳው ውሃ ይገባል፤ ህዋሱ አብጦ ይፈነዳል። ሰሌዳው ላይ ክብ ስዬ በጠመኔ ጫፍ ወጋ ወጋ አደርገው ነበር። ልጄ ጉሮሮዋን እስካመማት ድረስ አንድም ቀን አልፈራሁትም።

መካነ ሰላም ተመድቤ ስመጣ ከጎባ ይዤ የመጣሁት እሷን ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ምራቋን መዋጥ አቃታት፤ ገላዋ እንደ እሳት ፈጀኝ። በስልኬ መብራት ሳየው ቶንሲሏ ቀልቶ ነጫጭ ነጥብ ጥሎበታል።

አከራዬ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሙስሊም እናት፣ በሩ ላይ ቆመው አዩዋትና እንጥሏ ወርዶ ነው አሉ፤ የሚቆርጡት ሰውዬ ወደ ገበያ ሳይወጡ ላስጠራቸው ብለው ተነሡ። ታግዘኛለች ብዬ ለእናቴ ደወልኩ።

«አስቆርጫት እንጂ፤ አንቺስ ተቆርጠሽ አይደል ያደግሽው?» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። የልጄን ማተብ ይዤ እመቤቴን ለመንኩ። ቆሜ እያየኋት በጉሮሮዋ ውስጥ ያ ስስ ሽፋን ይበሳል። በዚያ ላይ ደግሞ ምላጭ? መርዙ ከደሟ ቢገባስ?

«እማማ፣ አይቀየሙኝ፤ አላስቆርጣትም። ጤና ጣቢያ ልውሰዳት።»

«አስተማሪ መቼ ይሰማል» አሉ። «እስከ ነገ ካልተሻላት ግን ሰውዬውን እጠራለሁ።» እንዲያም ብለው ልጄን በጀርባዬ ያዘሉኝ እሳቸው ናቸው።

ነርሷ አይታ ፔኒሲሊን ወጋቻት። ፔኒሲሊን ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይሠራ ይከለክለዋል፤ እኛ ግድግዳ ስለሌለን አይነካንም። ተመስገን አልኩ። መንገድ ላይ ግን ፍርሃቱ ተመለሰብኝ፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ አስቀድሞ የተረጨውን መርዝ አይሰበስብም።

በማግስቱ ጠዋት አከራዬ መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። በማንኪያ አጥሚት ሰጠኋት፤ ተፋችው። ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ። ደግሜ ሰጠኋት። ፊቷን አጨማደደች፤ ዋጠች።

«አብሽሪ ልጄ፤ ጨምሪላት» አሉኝ።

ማንኪያውን ተቀበሉኝና ራሳቸው ያጠጧት ጀመር።